በጋን የበቀለ ስለት

ወረታ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለተ ሚካኤል፤

የእግዚአብሔር ሰላም አንቺ ባለሽበት ቤት፣ ልጅሽ አንለይም ባለበት ምሽግ ይደር። እኔ ወንድምሽ ገብረ ኪዳን ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ። መልሱ የዘገየው ነጋዴው ቢሻው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበትን ቀን ስጠብቅ ነውና እንዳትቀየሚኝ።

ከሰው ጤና አስቀድመሽ የተክሎችሽን ጤና ጠይቀሻል። ሁሉም ከቁሐር ቤትሽ በአህያ ደኅና ደርሰዋል። በመንገድ የተሰበረው የቃሪያው ማሰሮ ብቻ ነው፤ ቃሪያውን ወደ እርዳታ ዘይት ቆርቆሮ አዛውሬዋለሁ። ጤና አዳሙ በቀለም ጣሳው፣ በሶብላው በተቀደደው ባልዲ፣ የሎሚው ችግኝ በአሮጌው ሰታቴ እንዳሉ ናቸው። የወይኑን ጋን ጎረምሶች በሸክም አምጥተው ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ ሥር፣ ከድንጋይ መደብ ላይ አኑረውታል። ወደ እኔ መላክሽ ደግ ነው። ቁሐር ላይ ክረምት በገባ ቁጥር የርብ ወንዝ ውኃ ደጃፍ ድረስ እየመጣ ሥር ያበሰብሳል፤ መጀመሪያውንስ ጓሮሽን ሁሉ ወደ ሸክላና ወደ ቆርቆሮ ያወጣሽው ለዚህ አይደል።

ስለቱን ረሱት ወይ ማለትሽ ግን አስገርሞኛል። አንለይ ለፈቃድ በመጣ ጊዜ ከአስመራ በኩል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣልሽን ቁራጭ በጋኑ ስትተክይ እኔ አጠገብሽ ነበርሁ። «ልጄን ጠብቅልኝ፤ የመጀመሪያ ፍሬውን አድርቄ ለቁርባንህ ዘቢብ አስገባለሁ» ብለሽ ለቁሐር ሚካኤል ስትሳዪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዘንድሮ ካፈራ፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት በእጄ አደርሳለሁ ብዬሻለሁ፤ አደርሳለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ። ዲያቆናቱ «የኔታ ድጓውን ትተው የጤና አዳም መምህር ሆኑ» እያሉ ይሣለቁብኛል። እኔም፣ ጤና አዳም ከእናንተ ይሻላል፤ ትናንት የተማረውን ዛሬ አይረሳም፣ አልኋቸው። ለእነርሱ ሣቅሁ እንጂ ነገራቸው ከሚገባው በላይ ይቆረቁረኛል። በዚህ ዕድሜዬ መሣለቂያ መሆን አልለመድሁም።

ወንድምሽ መሪጌታ ገብረ ኪዳን


አዲስ አበባ፣ ጥር 8 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን በሞቀ የኑግ ዘይት ያሹት። እኅትዎ ሆኜ እንኳ ወንድሜ ብዬ መጻፍ አልሆነልኝም፤ አገር ሁሉ የኔታ ሲልዎ ኖሮ እኔ ብቻዬን ምን ልበል። ይህን የምጽፈው በመሠረተ ትምህርት በተማርኋት ፊደል ነውና ግድፈቱን እንደ ተማሪዎችዎ በአርጩሜ አይዩብኝ።

ልጄ ገላነሽ ደኅና ናት። ፋብሪካ ውላ ትመጣለች፤ እኔ ደግሞ የመከላከያ መሥሪያ ቤት ደጅ ውዬ እመጣለሁ። የወንድሟን የአንለይን ነገር ልንገርዎ። ካለፈው ዓመት መጋቢት ወዲህ ደብዳቤ የለም። «ስሙ ከሞቱት አልተገኘም፤ ካሉትም አልተገኘም፤ ሌላ ሳምንት ነይ» ይሉኛል። ሌላ ሳምንት እሄዳለሁ።

ወይኑን ውኃ አያብዙበት። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥበት ከነካዎት ይተዉት። የጋኑ የታች ቀዳዳ እንዳይደፈን በየጊዜው በእንጨት ይጎርጉሩት። ደለልና ፍግ ሲጨምሩም ግንዱን አያስነኩት፤ ያቃጥለዋል።

እዚህም እጄ አላርፍ ብሎ በዱቄት ወተት ጣሳ ጤና አዳም ተክያለሁ። አከራይቱ «እማማ፣ ውኃው እኮ በቆጣሪ ነው» አለችኝ። ፊቴን የታጠብሁበትን ነው የማጠጣው፣ ፊቴ ደግሞ ትንሽ ነው፣ አልኋት። ሣቀችና ሌላ ጣሳ ሰጠችኝ።

ሲያፈራ አንድ ፍሬ ቀምሰው ጣዕሙን ይጻፉልኝ። ልጄ ያመጣው ነገር ምን ምን እንደሚል ልወቀው።

ወለተ ሚካኤል


ወረታ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለተ ሚካኤል፤

ደስ ይበልሽ፤ ወይኑ አፈራ። ዘለላው ጥቁር ነው፤ ፍሬው ከአተር ከፍ ይላል። ወፎች ከእኔ ቀድመው ስላወቁ አሮጌ ነጠላዬን አለበስሁትና በጠዋት ለሚያልፈው ሰው ሁሉ የተከናነበች ባልቴት መስሎ ታየ። አሁን ለቅሜ፣ በሰፌድ አስጥቼ፣ ፀሐይ እያየሁ አገላብጠዋለሁ። ከጎኑ መጨማደድ ጀምሯል።

ቅመሱልኝ ያልሽውን ግን አላደርግም። ለመልአኩ የተሳልሽውን የመጀመሪያ ፍሬ እኔ በምላሴ ብነካው ምን ዓይነት አገልጋይ እሆናለሁ? ከሰፌዱ የወደቀችውን እንኳ አንሥቼ መለስኋት። አንቺም ሲደርስሽ ከሁለተኛው ፍሬ ትቀምሻለሽ።

የደብራችን አስተዳዳሪ ቄስ ደሳለው መጥተው አዩት፤ በወረታ ምድር ወይን ሲያፈራ አላየሁም ብለው ተደነቁ። የሚሣለቁት ዲያቆናትም ዛሬ በአጥር እያዩ «የየኔታ ወይን» ይሉታል። የእኅቴ ነው ልላቸው ስል ሌላ ወሬ ተነሣ።

በሱባዔሽ አስቢኝ።

ገብረ ኪዳን


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ደብዳቤዎን ገላነሽ ሦስቴ አነበበችልኝ፤ እኔም ራሴ አነበብሁት። ባለመቅመስዎ መጀመሪያ ከፋኝ፤ ኋላ ግን አለቀስሁ። ከእርስዎ ሌላ ሰው ቢሆን ቀምሶ አልቀመስሁም ይለኝ ነበር።

እኔም አንድ ነገር ወስኛለሁ። ያ ዘቢብ ቁሐር ሚካኤል እስኪገባ ድረስ ወተትም ቅቤም በአፌ አይገባም። ለፋሲካም ቢሆን። የፎገራ ልጅ ያለ ወተት እንዴት ትኖራለች ብለው ይሥቁብኝ ይሆናል። መልአኩ ግን እየጠበቅሁ መሆኔን ይወቅልኝ።

ገብቷል የሚል ቃል ከእጅዎ ብቻ እጠብቃለሁ። በሰው አይላኩብኝ።

ወለተ ሚካኤል


ወረታ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለተ ሚካኤል፤

ከትንሣኤ በኋላ ሳልጽፍ ይህን ያህል መቆየቴ ትልቅ በደል ነው፤ ይቅር በይኝ። ሰሞኑን ከከተማችሁ በሬዲዮ የሰማነው የመፈንቅለ መንግሥት ነገር አስደንግጦን ሰንብቷል። እናንተ በቤታችሁ ደኅና መሆናችሁን በመጀመሪያው መኪና አሳውቁኝ።

ስለ ተክሎቹ ልንገርሽ። ጤና አዳሙ ጣሳውን ሞልቶ ወደ ውጭ ተርፏል። የሆዱ ቁርጠት የበረታበት ሰው ሁሉ ደጄን ያንኳኳል፤ እኔም ቅርንጫፉን በመቀስ እንጂ በእጅ አላስቀነጥስም። በሶብላው አብቦ ነበርና ራስ ራሱን ቆረጥሁት። ቃሪያው ቀላ። የሎሚው ቅጠል ቢጫ ሲሆን አመድ ከፍግ ጋር ጨምሬበት አገገመ። ሰታቴው ግን ከታች ዝጎ ቀዳዳው ሰፍቷልና በድንጋይ ደገፍሁት። ወይኑም ደኅና ነው፤ አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

ፋሲካን በሰላም አሳልፈናል። በመንገዱ መዘጋት ዘቢብ ከባሕር ዳር ባይመጣም ቅዳሴው አልታጎለም፤ ተመስገን።

አንድ ነገር ግን ልገሥጽሽ። በዓለ ኀምሳ የደስታ ወራት ነው፤ በእርሱ መጾም በሥርዓት ተከልክሏል። ወተቱን መተውሽ ትሩፋት መስሎሽ ከሕግ እንዳያወጣሽ። እንደ ወንድም ብቻ ሳይሆን እንደ መምህር አዝዝሻለሁ፤ ጠጪ።

ገብረ ኪዳን


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 24 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

እኛ ደኅና ነን። ግርግሩ ከሰፈራችን አልደረሰም።

ሥርዓቱን ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ጾም ነው አላልሁም፤ ቀኑን ሙሉ እበላለሁ፤ ቂጣውንም ሽሮውንም እበላለሁ። ወተትና ቅቤ ብቻ ነው የተውሁት፤ ይህንንም ለመልአኩ ቃል ስለገባሁ ነው። አልጠጣም።

የኔታ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አየሁት። ስለ ጤና አዳሙ፣ ስለ በሶብላው፣ ስለ ሰታቴው ዝገት ሳይቀር ጽፈዋል። ስለ ወይኑ አንዲት መሥመር ናት፤ ስለ ዘቢቡ ምንም የለም። እርስዎ ነገር ሲሸሹ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅዎታለሁ። አባታችን በሬው የት አለ ሲልዎ ስለ ላሟ የሚነግሩት እርስዎ ነበሩ።

ወፍ በላው? ሻገተ? ሌባ ገባ? ይንገሩኝ እንጂ አልቆጣም። ሰኔ ሚካኤል ደርሷል።

ወለተ ሚካኤል


ወረታ፣ ሰኔ ፬ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለተ ሚካኤል፤

ወፍ አልበላውም፤ አልሻገተም፤ ሌባም አልገባም። እኔ ሰጠሁት።

በጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ ከቤተ ልሔሙ ማሰሮ የቀረው ዘቢብ አለቀ። በማግሥቱ ቄስ ደሳለው ወደ ሐሙሲትም ወደ ደብረ ታቦርም ሰው ላኩ፤ የሐሙሲቱ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ የደብረ ታቦሩ ከመንገድ ተመለሰ። ስግደቱ ካበቃ በኋላ እኔ ቤት ገቡና ከሰፌዱ ፊት ቆሙ። «የኔታ፣ እግዚአብሔር አዘጋጅቶልን እኛ አገር ለአገር እንንከራተታለን» አሉኝ። የማን እንደሆነ አያውቁም፤ ስለቱንም አያውቁም። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ትንሣኤ ያለ ቁርባን ሊቀር እንደ ነበር አልክድሽም። ቢሆንም፣ ይህ የሌላ ሰው ስለት ነው፤ ባለስለቷ ሩቅ ብትሆንም ወደ ቁሐር ልከን የደብሩን ካህናት እናስፈቅድ ማለት ይቻለኝ ነበር። ቁሐር ሩቅ አይደለም። ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም እውነቱ ይነገር ነበር።

እኔ ዝም አልሁ።

ለምን ዝም እንዳልሁ ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ። መጻሕፍትም ገልጬ ነበር፤ የሚደግፈኝን ፈልጌ ስለ ገለጥሁ የሚደግፈኝ አገኘሁ። ለሚካኤልም ሆነ ለደብራችን፣ ሁሉም የሚደርሰው ወደ አንዱ ጌታ ነው አልሁ። ነገር ግን እውነቱ ይህ አይደለም። እውነቱ፣ በቆርቆሮዎቼ የተሣለቁብኝ ሁሉ በዚያ ቀን በእኔ ወይን እንዲቆርቡ ወደድሁ። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ደሳለው በምእመናኑ ፊት «የየኔታ ወይን ፋሲካችንን አዳነልን» አሉ። እልልታው ሲወጣ አንገቴን ደፋሁ፤ ሰውም ትሕትና ነው አለ። ከአንቺ ስም ሌላ የሚያስፈልግ ቃል አልነበረም፤ እርሱን ዋጥሁት።

ከዚያ ወዲህ አንቺ ወተት ትተሽ ትጠብቂያለሽ። በዓለ ኀምሳ አይጾምም ብዬ የጻፍሁልሽ ለሥርዓቱ ተቆርቁሬ አይደለም። የአንቺን መታቀብ መሸከም ስላቃተኝ ነው። ሕጉን ለመሸሸጊያ አደረግሁት፤ ይህም ከመጀመሪያው የማያንስ በደል ነው።

ወይኑ ዳግመኛ ማንዠርገግ ጀምሯል፤ ነገር ግን ይህ ሁለተኛ ፍሬ ነው። ሁለተኛውን አንደኛ ነው ብዬ ወደ ሚካኤል ይዤ አልሄድም። በዓሉ ዘንድሮ በሐዋርያት ጾም መያዣ ዕለት ይውላል። ባዶ እጄን ሄጄ ከደጁ እቆማለሁ፤ ለሚጠይቀኝም ሁሉ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት በጰራቅሊጦስ እሑድ እዚሁ በደብራችን እናገራለሁ።

መልአኩ በእኔ ምክንያት ጥበቃውን ከአንለይ ላይ እንዳያነሣ ለምኚልኝ። ለራሴ የምለምንበት አፍ የለኝም።

በዳይሽ ገብረ ኪዳን


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 22 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሰኔ ሚካኤል ካለፈ በኋላ ነው። የዘቢቡን ነገር ሳነብብ ገላነሽ ውኃ ሰጠችኝ። ከዚያ ሁለት ቀን ወረቀት ሳልነካ ቆየሁ። በንዴቴ ላይ ሆኜ ስላልጻፍሁ ደስ ብሎኛል።

እኔም የደበቅሁዎ አለ። በግንቦት መሥሪያ ቤቱ ደጅ ራሴን ስቼ ወድቄ ነበር። ሐኪሙ ደም አንሶሻል፤ ወተትና እንቁላል ካልወሰድሽ እንደገና ትወድቂያለሽ አለኝ። ገላነሽ ለየኔታ ልጻፍ ስትል ከለከልኋት። ስለቱ ሰኔ ላይ ይገባል፤ ያን ጊዜ እጠጣለሁ አልሁ። እንግዲህ ስለቱ አልገባም።

ይቅር ብዬዎታለሁ። ከልቤ ነው። ሰዎቹ በፋሲካ መቁረባቸውም አልከፋኝም። የከፋኝ ስሜን መዋጥዎ ነው። በዚያ እልልታ ውስጥ የአንለይ ስም ቢጠራ ኖሮ እኔ እዚህ ሆኜ ይሰማኝ ነበር።

ይቅርታው የእኔ ነው፤ ስለቱ ግን የሚካኤል ነው። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ከወይኑ ላይ ጣት የሚያህል የበሰለ ዘንግ ይምረጡ። ሦስት የቡቃያ ዓይን ያለውን ይቁረጡ። ሁለቱን ዓይን ከአፈር በታች ይቅበሩ፤ አንዱን ከላይ ይተዉ። ክረምቱ ይጠቅመዋል፤ ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ ግን አያግኘው። የሚያድገው ሌላ ወይን ነው፤ የመጀመሪያ ፍሬውን ማንም አልበላበትም። እርሱን ለሚካኤል ያስገባሉ። ሁለት ዓመትም ይሁን ሦስት።

እስከዚያ ድረስ መታቀቡን እርስዎ ይረከቡኝ። እኔ ወተቴን እጠጣለሁ፤ እርስዎ ይተዉ። በፍስክ ቀንም፣ ሰው በጋበዘዎ ቀንም። ለምን ቢሉዎ ይንገሯቸው።

አሁን በጋኑ ላይ ያለውን ሁለተኛውን ፍሬ ያድርቁና ለማንም አይስጡ። እርሱ የአንለይ ነው። ስሙን የሰማ ሰው አለ፤ በጦርነቱ ከተማረኩት መካከል። እንዴት እንደ ሰማ አልጽፍም። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እርስዎ ግን አድርቀው ያስቀምጡለት።

ወለተ ሚካኤል


ወረታ፣ ሐምሌ ፮ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወለተ ሚካኤል፤

መውደቅሽን ካነበብሁ ወዲህ አፈር በነካሁ ቁጥር አንቺ በዚያ ደጅ ተዘርግተሽ ትታዪኛለሽ። በዚህ ላይ የምጨምረው የይቅርታ ቃል የለኝም፤ ያዘዝሽውን ግን አድርጌአለሁ።

በጰራቅሊጦስ እሑድ በደብራችን ቆሜ ተናገርሁ። የአንቺን ስም፣ የአንለይን ስም፣ የቁሐር ሚካኤልን ስለት ሁሉ ተናገርሁ። አንድ ዲያቆን ሣቀ፤ ሌሎቹ ወደ መሬት አዩ። ቄስ ደሳለው ከሰዉ ለይተው፣ «የኔታ፣ ያን ዕለት አንዲት ቃል ቢነግሩኝ እኔው ራሴ ወደ ቁሐር በእግሬ እሄድ አልነበረም?» አሉኝ። በማግሥቱ ቁሐር ደረስሁ። የደብሩ ገበዝ ዘቢቡ የታለ አሉኝ፤ በእኔ እጅ ጠፋ አልሁ። ስለቱ የሴትዮዋ ነውና ፍርዱን እርሷ ትስጥ ብለው አሰናበቱኝ። ፍርድሽም መጣ።

ዘንጉን ቆርጬ በቃሪያው ቆርቆሮ ተክያለሁ፤ ቃሪያውን ወደ ድስት አዛወርሁት። ዓይኑን ከታች ሁለት፣ ከላይ አንድ። የጣሪያው ውኃ እንዳይደርስበት ከመስኮቱ ሥር አድርጌ በየጠዋቱ ጣቴን እከትታለሁ። ከላይ የቀረው ዓይን ትናንት ተሰንጥቆ የጭስ መልክ ያለው ጠጉር አሳየ። ቅጠል ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም። ከዚህ በላይ ተስፋ አልሰጥሽም።

የአንለይ ፍሬ በጋኑ ላይ ነው። ነጠላዬን አልብሼዋለሁ። አልቀመስሁም።

የሐዋርያት ጾም ትናንት ቢፈታም ቀኑ ረቡዕ ነበርና ፍስኩ ዛሬ ሆነ። ቄስ ደሳለው ተማሪዎቹን ሁሉ ቤታቸው ጠርተው ነበር፤ የፎገራ ወተት በትልቅ ቅል ቀረበ። ለእኔ መጀመሪያ ሰጡኝ። አመስግኜ ለጎኔ አሳለፍሁት። አንድ ተማሪ፣ «የኔታ፣ ጾሙ እኮ ተፈታ» አለኝ። «የእናንተ ተፈቷል» አልሁት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ከዚያ በኋላ ሌላው ጠየቀኝ፤ ለእርሱም ነገርሁት። ቅሉ ሁሉን ዞሮ አለቀ።

አንቺ ዛሬ ጠጥተሽ እንደሆነ በሚቀጥለው መኪና ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አትጻፊ፤ ይህን ብቻ።

መታቀብሽን የተረከበ፣ ወንድምሽ ገብረ ኪዳን